ልጆቹ ጨዋታውን ይወዱታል፣ ቃሉን ግን አይጽፉትም

ጥያቄ፦ «የሦስተኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ነኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የቃላት አጻጻፍን በጨዋታ ማስተማር ጀምሬያለሁ። ስክሪን ላይ ትክክለኛውን ቃል መምረጥ አለን፣ የተዘበራረቁ ፊደሎችን ገጣጥሞ ቃል መሥራት አለን፣ የተደበቀ ቃል መገመትም አለን። ልጆቹ በጣም ይወዱታል። ደወል ተደውሎ እንኳ መውጣት አይፈልጉም። ቃለ ጽሕፈት ስሰጣቸው ግን ያው ናቸው። ጨዋታ ላይ ያገኙትን ቃል ደብተራቸው ላይ ይሳሳቱታል። ጨዋታውን ልተወው ወይስ የማላየው ነገር አለ?»

መልስ፦

ውድ መምህርት፣ አይተዉት። ልጆች ደወል ተደውሎ እንኳ የማይለቁት የፊደል ትምህርት በቀላሉ አይገኝም። ችግሩ ያለው ጨዋታው ልጆቹን በሚያሠራቸው ሥራ ላይ ይመስለኛል። ልጅ የሚችለው የተለማመደውን ነው። መምረጥ ከተለማመደ መምረጥ ይችላል። መገመት ከተለማመደ ጎበዝ ገማች ይሆናል። ቃለ ጽሕፈት የሚጠይቀው ደግሞ ሌላ ነው፤ ቃሉን ሰምቶ፣ ፊደሎቹን ከራሱ አውጥቶ በእጁ መጻፍ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሲያጫውቱ ነጥቡን ይተዉትና አንድ ነገር ብቻ ይቁጠሩ። ጨዋታው እስኪያልቅ እያንዳንዱ ልጅ ስንት ቃል ከራሱ አውጥቶ ጻፈ? እኔ ክፍል ገብቼ ስታዘብ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ነው። አንድ ልጅ ወጥቶ ስክሪኑ ፊት ይቆማል። የቀሩት ከኋላው «ሁለተኛው! ሁለተኛው!» እያሉ ይጮኻሉ። ልጁ ሁለተኛውን ይነካል። ከስክሪኑ የጭብጨባ ድምፅ ይወጣል፣ ክፍሉም ያጨበጭባል። ደስ ይላል። ግን እስካሁን ማንም ምንም አልጻፈም። መልሱን የጮኹት ሦስት አራት ልጆች ቃሉን ድሮም የሚያውቁት ናቸው። የኋላ ረድፍ ላይ ያለችው ልጅ አብራ ጮኻለች፣ አብራ አጨብጭባለች። ቃሉን ግን ልብ ብላ አላየችውም።

በምርጫው ጨዋታ ልጀምር። ከሦስቱ በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። «ጓደኛ፣ ጉዋደኛ፣ ጋደኛ፣ ጓደኘ» ብሎ ይደረድርና ትክክለኛውን ምረጡ ይላል። አይቶ መለየት ከራስ ከማውጣት በብዙ ይቀላል። ልጁ ጓን መጻፍ ባይችልም ሲያየው «ይሄ ነው» ይላል። በዚያ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ጉዳት አለ። ልጁ አንድ ትክክለኛ አጻጻፍ ለማግኘት ሦስት የተሳሳተ አይቷል። ላሪ ጃኮቢ እና አን ሆሊንግስሄድ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ማንበብና መጻፍ በደንብ የሚችሉ አዋቂዎች እንኳ የተሳሳተ አጻጻፍ ካነበቡ በኋላ ያንኑ ቃል ሲጽፉ የበለጠ ተሳስተዋል። አዋቂውን ያሳሳተ ነገር ገና ፊደሉን እያደላደለ ላለ ልጅ አይበጀውም። እኔ ብሆን ስህተት እየደረደረ የሚያስመርጥ ጨዋታ ለዝቅተኛ ክፍሎች አልጠቀምም።

ልጆቹ ጨዋታው ላይ ጎበዝ መስለው ቆይተው በኋላ ለምን እንደሚረሱትም የሚያስረዳ ነገር አለ። ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያ ገሚሱ ያንኑ እንደገና አነበበው፣ ገሚሱ ደግሞ ወረቀቱን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ከራሳቸው ለማውጣት የታገሉት ብዙ አስታወሱ። የእርስዎ ልጆች ጨዋታው ላይ የሚያሳዩት ያንን የአምስት ደቂቃውን ጉብዝና ነው። ቃለ ጽሕፈቱ የሚጠይቃቸው የሳምንቱን ነው።

ይህን ነገር ከድሮ ጀምሮ የያዘ መጫወቻ አለ። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ስፒክ ኤንድ ስፔል ነው። ቃሉን በድምፅ ይናገራል። ልጁ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይጫናል። ከተሳሳተ እንደገና ሞክር ይለዋል። አሁንም ካልሆነለት ትክክለኛውን ይነግረዋል። ምርጫ ብሎ ነገር የለም፣ የተሳሳተ አጻጻፍም አያሳይም። ስክሪኑ እንደዛሬው አያምርም ነበር፤ የሚያሠራው ሥራ ግን ትክክለኛው ሥራ ነው። ዛሬ አፕ ሲመርጡም መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ነው።

መገመቱ እና መገጣጠሙ ሌላ ዓይነት ችግር አለባቸው። ሁለቱም የተሠሩት ለላቲን ፊደል ነው። በ26 ፊደል በሚጻፍ ቋንቋ አንድ ፊደል ሲገምቱ የማግኘት ዕድሉ ጥሩ ነው። በእኛ ግን 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ እነ ቋ እና ጓ ሳይቆጠሩ። ቃሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ፊደል ነው። «ሙ አለ?» «የለም።» «ሪ አለ?» «የለም።» እየተባባሉ ዙሩ ያልቃል። በዚያ መሃል የተማሩት ነገር የለም። መገጣጠሙም ብዙ አይሻልም። ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ያሉት ቃል ሊደረደር የሚችለው በስድስት መንገድ ብቻ ነው። «ደ፣ ኛ፣ ጓ» ብለው ሲሰጡት ከባዱን ሥራ ጨርሰውለታል። ፈተናው ጓን መጻፍ ነበር። ጓ ግን ተዘጋጅቶ እጁ ላይ ተቀምጧል። አማርኛ የሚጽፍ ልጅ በፊደሎቹ ቅደም ተከተል እምብዛም አይሳሳትም። የሚሳሳተው ፊደሉ ሣልስ ይሁን ሳድስ፣ ግዕዝ ይሁን ኃምስ በሚለው ላይ ነው።

ሁለቱንም ግን ማዳን ይቻላል። የተደበቀውን ቃል በሁለት ደረጃ ያስገምቱ። ልጁ መጀመሪያ ቤተሰቡን ይጠይቃል፤ «የከ ቤተሰብ አለ?» ካለ ቦታው ላይ ከን በስሱ ይጻፉለት። ከዚያ «ካዕብ ነው? ሳብዕ ነው?» እያለ ያስተካክለዋል። 33 ቤተሰብ ለመገመት ይመቻል። ሁለተኛው ደረጃ ደግሞ ልጁ የፊደል ገበታውን ወደ ጎን እንዲያስብ ያስገድደዋል፤ ከባዱ ነገር ያለው እዚያ ነው። መገጣጠሙን ደግሞ ፊደሎቹን ሁሉ ግዕዝ አድርገው ይስጡ። ሰሌዳው ላይ «መ፣ ሰ፣ ከ፣ ተ» ይጻፉና «መስኮት» ብለው ያንብቡ። ልጁ «ሰ»፣ «ከ» እና «ተ» ወደ ምን እንደሚለወጡ ራሱ ይወስናል። «መ» እንዳለ ይቀራል፤ እሱንም ማወቅ አለበት። ያን ጊዜ ጨዋታው በእውነት የአጻጻፍ ጨዋታ ይሆናል።

አንድ ጨዋታ ብቻ ምረጥ ብባል ግን የምመርጠው ከሁሉም ቀላሉን ነው። እኔ «አንሱ!» እለዋለሁ። እያንዳንዱ ልጅ ትንሽ ሰሌዳ ወይም ጀርባው ያልተጻፈበት ወረቀት ይይዛል። እርስዎ ቃሉን ይናገራሉ፣ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስገቡታል፣ ይደግሙታል። ሁሉም ይጽፋል። እየሸፈነ ነው የሚጽፈው። «አንሱ!» ሲሉ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያነሳል። በአንድ እይታ ክፍሉን ሙሉ ያነባሉ። ከዚያ መልሱን ፊደል በፊደል ይገልጡታል። ስክሪን ካለዎት ለዚህ ነው በጣም የሚጠቅመው፤ ቃሉን በድምፅ ለማሰማት እና መልሱን አንድ በአንድ ለመግለጥ። ልጁ ትክክል በሆነው ፊደል ሥር ጭረት ያደርጋል። ነጥቡ በፊደል ነው እንጂ በቃል አይደለም። የተሳሳተ ልጅ ቃሉን ያጠፋና መልሱ ተሸፍኖ እንደገና ይጽፈዋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ጊዜ ቢወስድም እንዳይዘሉት። ማረሚያው ያለው እዚያ ነው።

በፊደል ነጥብ መስጠት ምን እንደሚያደርግ ላሳይዎት። ቃሉ «ቋንቋ» ነው እንበል። አንዷ ልጅ «ቁዋንቋ» ብላ አነሳች። በቃል ቢሆን ዜሮ ነበረች። በፊደል ግን ን እና የመጨረሻው ቋ ተቆጥረውላታል። መምህርቷ «ቋ የሚለውን ስንት ጊዜ ሰማችሁ?» ትላለች። «ሁለቴ!» ይላሉ። «አንቺ ጋ ሁለቱ ይመሳሰላሉ?» ልጅቷ ሰሌዳዋን ዝቅ አድርጋ ታያለች። መጨረሻ ላይ ያለውን በትክክል ጽፋዋለች። መጀመሪያ ላይ ያለውን ለሁለት ከፍላዋለች። ቁዋን በመዳፏ አጥፍታ ቋ ትለዋለች። ማንም መልሱን አልነገራትም። የገዛ ጽሑፏ ነው ያረማት። እንዲህ ያለ እርማት አይረሳም።

ቃላቱን ከየት ያምጧቸው? ከልጆቹ ደብተር። የጨዋታ አፕ ይዞት የሚመጣው ዝርዝር የማን ስህተት እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደብተሮቹን ይዘው ይቀመጡና ስህተቶቹን በየዓይነታቸው ይክፈሏቸው። የሚያገኟቸውን መገመት እችላለሁ። ዲቃላ ፊደሎች አሉ፤ ቋንቋ፣ ጓደኛ፣ ቧንቧ። የሚመሳሰሉ አሉ፤ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ። ሳድስ አለ። እሱ ከሁሉም አስቸጋሪ ነው፤ ቅርጹ ከቤተሰብ ቤተሰብ ይለያያል፣ አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ አይሰማም። ስለዚህ ልጆች ሣልስን በእሱ ቦታ ያስገቡታል። ሌላው የ፣ ጀ እና ሸ ናቸው። ግዕዙ በጆሮ ሲሰማ ወደ ኃምስ ይጠጋል። ስለዚህ «ጀመረ» «ጄመረ» ሆኖ ይመጣል፣ «የት» ደግሞ «ዬት»። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ የሰማውን ነው የጻፈው። አንድ ዙር ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ ይያዙ። ስምንት ወይም አሥር ቃል ይበቃል። ከእነሱ ውስጥ ገሚሱ ልጆቹ የሚችሉት ይሁን፣ አለበለዚያ ደካማው ልጅ በሦስተኛው ቃል ላይ ተስፋ ይቆርጣል።

የሰማውን ስለሚጽፍ ልጅ ካነሳን፣ ጠብቆ የሚነበብ ፊደል በአማርኛ እንደማይደገም መንገርዎን አይርሱ። «ሰበረ»ን «ሰብበረ» ብሎ የሚጽፍ ልጅ ጥሩ ጆሮ አለው። ጆሮውን ያመስግኑለትና ደንቡን ይንገሩት። ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስገቡ ያልኩትም በከፊል ለዚህ ነው። «ዋና» ሲጠብቅ እና ሲላላ ሁለት ቃል ነው፣ ሲጻፍ ግን አንድ ነው። ልጁ የትኛው እንደሆነ ግራ እየተጋባ ብዕሩን ይዞ መቆም የለበትም።

አሁን ብዙ መምህራን ወደሚጨቃጨቁበት ነገር ልምጣ፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ። እዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። እስከ ሦስተኛ ክፍል ባለው ጨዋታ ላይ «ስራ» ብሎ የጻፈ ልጅ ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም። በድምፅ መለየት የማይችለውን ነገር በድምፅ እየጠየቁት ነው። «ፀሐይ»ን ብቻ ይውሰዱ። ጸ እና ፀ ሁለት፣ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስት፤ አነባበቡ አንድ ሆኖ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል። ልጁ ከ12ቱ አንዱን በጆሮው ሊመርጥ አይችልም። መጽሐፋቸው ላይ ያለውን መልክ ግን ሁልጊዜ እርስዎ ይጻፉላቸው፣ ዓይናቸው ይልመደው።

ማሽኑ ግን እንደ እርስዎ አይራራም። ለኮምፒውተር ሥ እና ስ የማይገናኙ ሁለት ምልክቶች ናቸው። «ስራ» ብሎ የመለሰን ልጅ ፊቱ ላይ ቀይ አብርቶ ስህተት ይለዋል። ጨዋታውን ራስዎ የሚያዘጋጁ ከሆነ ተቀባይነት ባላቸው መልሶች ዝርዝር ውስጥ ሁሉንም መልክ ያስገቡ። ይህን የማይፈቅድ አፕ ከሆነ እንዲህ ያሉ ቃላትን ከዝርዝሩ ያውጧቸው። አራተኛ ክፍል እና ከዚያ በላይ ሲደርሱ ግን ራሱን የቻለ ጥሩ ጨዋታ ይወጣዋል። ሥራ፣ ሠራ፣ ሠራተኛ፣ አሠራር፣ ዓለም፣ ዓለማዊ የሚሉ ቃላት በካርድ ይበተናሉ። ልጆቹ ዘመዳሞቹን አንድ ላይ ይሰበስባሉ። አንዱ ሠን ከያዘ ዘመዶቹም እንደሚይዙት ራሳቸው ይደርሱበታል። ይህ በጆሮ ሳይሆን በትርጉም የሚያዝ እውቀት ነው፣ ዕድሜያቸውም ይፈቅዳል።

ስለ ሰዓት ቆጣሪ፤ ያጥፉት። ካሁትን (Kahoot) የመሳሰሉ በስክሪን የሚካሄዱ የጥያቄ ውድድሮች ቶሎ ለመለሰ የበለጠ ነጥብ ይሰጣሉ። ያ ለሚችለው ልጅ ሞቅ ያለ ነገር ነው። ፊደሉን ገና ከራሱ እየፈለገ ላለው ልጅ ግን ፍለጋውን ያቋርጠዋል። ይቸኩልና ይገምታል። ብዙዎቹ አፖች ይህንን ማጥፊያ አላቸው። ልጆቹ ፉክክር ከፈለጉ ክፍሉ ባለፈው ሳምንት ካመጣው የፊደል ድምር ጋር ይፎካከር። ደካማው ልጅ ያገኘው እያንዳንዱ ፊደል ለሁሉም ይቆጠራል፣ እሱም እንደ ሸክም አይታይም።

ሽልማትንም ቀለል ያድርጉት። ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪን እና ሪቻርድ ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ሙከራ መሳል የሚወዱ ሕፃናት ስለ ሥዕላቸው ሽልማት እንደሚያገኙ ቀድሞ ተነገራቸው፣ ሳሉ፣ ተሸለሙ። በኋላ በነፃ ጊዜያቸው ሽልማት ካልተባሉት ልጆች ያነሰ ሳሉ። የእርስዎ ልጆች ያለ ምንም ሽልማት ደወል ተደውሎ አንወጣም እያሉ ነው። እዚያ ላይ የሚጨመር ነገር የለም።

ታብሌት ወይም ኮምፒውተር ካላቸው ኪቦርዱን ቀድመው ራስዎ ይሞክሩት። አንዳንዱ ግዕዙን ሲነኩት ሰባቱንም ዘርግቶ ያሳያል። ይህ ደህና ነው፣ ልጁ ከቤተሰቡ ውስጥ ይመርጣል። ሌላው ግን ድምፁን በላቲን ፊደል ሲጽፉለት ነው ወደ አማርኛ የሚቀይረው። እዚያ ላይ የሚፈተነው የልጁ የላቲን ፊደል ነው። ቃል የሚያሟላውንም ነገር ያጥፉት፤ ልጁ ሁለት ፊደል ሲነካ ቀሪውን ስልኩ ይጨርስለታል። በአንደኛ እና በሁለተኛ ክፍል ግን በእጅ ይጻፉ። ቡ እና ቢን የሚለየው ቅጥሉ መሃል ላይ ወይስ እግሩ ላይ ነው የሚለው ነው። ያንን እጅ ሲሠራው ዓይንም ይይዘዋል።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ካሳተመው ሥራ ጀምሮ የሚታወቅ ነገር አለ፤ የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶችና ቀናት ውስጥ ነው በፍጥነት የሚጠፋው፣ ልምምዱ በቀናት ሲራራቅ ደግሞ የበለጠ ይቆያል። ስለዚህ ዓርብ ላይ 40 ደቂቃ ከማጫወት ሰኞ፣ ረቡዕ እና ዓርብ አሥር አሥር ደቂቃ ይሻላል። የሰኞዎቹን ቃላት ዓርብ ላይ መልሰው ያምጧቸው፣ ግን ከሌሎች ጋር ቀላቅለው። ዲቃላ ብቻ ባለበት ዙር ልጁ ሁሉንም ዲቃላ እያደረገ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ሲቀላቀል ግን የትኛው ቃል ምን እንደሚፈልግ ማሰብ ግድ ይሆንበታል።

ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለውን ከጨዋታው ነጥብ ላይ እንዳይፈልጉት። ከሁለት ሳምንት በፊት የተጫወቷቸውን ቃላት ሳያስጠነቅቁ በቃለ ጽሕፈት ይስጧቸው፣ ከመጀመሪያው ቃለ ጽሕፈት ጋር ያስተያዩት። ከዚያ ደግሞ አጭር ድርሰት ሲያጽፏቸው እነዚያ ቃላት ሳይጠየቁ ሲመጡ ምን እንደሚመስሉ ይዩ። ልጁ ሐሳቡን እየጻፈ ሳለ «ጓደኛዬ»ን በትክክል ከጻፈ ያንን ቃል ከዝርዝሩ ያውጡት። እዚያ ላይ አሁንም የሚሳሳቷቸው ቃላት ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት ዝርዝርዎ ናቸው።